የፍሬን ሸራና ዲስክ፦ በኩንታል ኪራይ ውስጥ የተደበቀው ዋጋ

ዛሬ ከፎንቆ የምጽፍላችሁ የስንዴና የቡና ዋጋ ሰንጠረዥ አይደለም፤ እሱን እንደተለመደው ማታ እለጥፋለሁ። ጉዳዩ ግን ከዋጋ የራቀ አይደለም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ "እህሉ ዋጋው ባለበት ቆሞ የመኪና ኪራይ ብቻ ለምን ይጨምራል?" የሚሉ ናቸው። መልሱ ነዳጅ ብቻ አይደለም። ጎማ አለ፣ ዘይት አለ፣ መለዋወጫ አለ። ከመለዋወጫው ውስጥ ደግሞ ባለመኪናው እጅ ሲያጥረው ቶሎ የሚያዘገየው፣ ጭነት ለምንሰጠው ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሰጋን የፍሬን ሸራና ዲስክ ነው።

ቁም ነገሩን ከወዲሁ ልናገር። ኦሪጅናል ያልሆነ፣ እኛ አፍተርማርኬት የምንለውን ዕቃ መግጠም በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሳይለኩ፣ ካርቶን ብቻ አይተው ገዝተው፣ አንድ ጎን ብቻ ቀይረው መንገድ መግባት ነው። በደንብ ከተሠራ ወጪው ለኩንታል ሲካፈል ጥቂት ብር ነው። ስሌቱን ከታች አስቀምጫለሁ።

1. ዶላሩ ያው አንድ ነው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን እንዳለፈ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቡና ላኪው በአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ጨመረ፣ ገበሬውም የድርሻውን ጠየቀ። ያው ዶላር ግን በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል። ፒካፑ ላይም ሆነ አይሱዙው ላይ የሚገጠመው ሸራ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ግድ ሆኗል። ስለዚህ መለዋወጫ ይፈለጋል፣ ይወደዳል፣ ሲወደድ ደግሞ ፎርጅዱ ይበዛል። ቡና ሲወደድ ቅሽር የሚቀላቅል እንደሚበዛ ማለት ነው።

2. ምንድን ነው የሚያልቀው?

የእኛ አካባቢ መኪኖች ሁለት ዓይነት ፍሬን አላቸው። ሃይሉክስ፣ ኮሮላና ሚኒባስ ፊታቸው ላይ ዲስክ አላቸው። ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ክብ ብረት በሁለት በኩል ሸራዎች ጨምቀው ይይዙታል። ሸራዎቹን የሚጨምቀው ካሊፐር ነው። እህል ጫኙ አይሱዙ፣ በተለይ የቆየው፣ በብዛት ያለው ታምቡር ነው፤ ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ተገፍቶ ከበሮውን ይይዛል። የዛሬው ዋና ጉዳይ ዲስክ ነው፤ ስለ ታምቡር ወደ መጨረሻው እመለሳለሁ።

ሸራው እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ነው። አዲስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። ከዚያ በታች መጠበቅ ማትረፍ ይመስላል እንጂ ብረት ከብረት ሲፋጭ ዲስኩንም ይዞት ይሄዳል። በብዙ ሸራዎች ላይ ሊያልቅ ሲል የሚጮህ ትንሽ ቆርቆሮ አለ። ሾፌራችሁ "ሲይዝ ሲጢጥ ይላል፣ ግን ይይዛል" ካላችሁ ያ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው።

3. ዲስክ በዓይን አይገመትም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሸራ ሲቀየር ዲስኩ በእጅ ይዳሰስና "ደህና ነው" ይባላል። ዲስክ ግን የራሱ ዝቅተኛ ውፍረት አለው። ቁጥሩ ራሱ ዲስኩ ላይ፣ ጠርዙ ወይም መሀሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዝገት በታች ስለሚሆን በሽቦ ብሩሽ ጠረግ አድርጎ ማየት ነው። አዲስ ሲሆን 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ ዝቅተኛው 23 ሊሆን ይችላል። ከዚህ ካነሰ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

አለካኩም ዘዴ አለው። ሸራው የማይነካው የዲስኩ ጫፍ አያልቅም፣ ከንፈር ሠርቶ ይቀራል። መለኪያው ያን ከንፈር ከያዘ ወፍራም ነው ብሎ ይዋሻል። ማይክሮሜትር ያለው ቶርኖ ቤት ከሌለ፣ ሁለት እኩል የሆኑ የአንድ ብር ሳንቲሞች በዲስኩ በሁለቱም በኩል፣ ሸራው በሚረግጠው ቦታ ላይ አድርጎ መለካት፣ ከዚያ የሁለቱን ሳንቲም ውፍረት መቀነስ ነው። በሦስት አራት ቦታ ለኩ። ከቦታ ቦታ የሚለያይ ከሆነ ፍሬን ስትይዙ መርገጫው እግራችሁን የሚያንቀጠቅጠው ለዚህ ነው።

"ቶርኖ ቤት አስልጠው" የሚለው ምክርም ልክ የሚሆነው ተልጦ ከዝቅተኛው በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው። ልክ ዝቅተኛው ላይ የደረሰ ዲስክ ተላጠ ማለት ለብልሽት ገንዘብ ከፈላችሁ ማለት ነው።

የእኔዋ ሃይሉክስ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ 23 ነበር፤ ስንለካው የቀኙ 22.4፣ የግራው 22.7 ሆኖ ተገኘ። መካኒኩ "ለጥቂት ወር ትይዛለች" አለኝ። እኔ ከፎንቆ ገበያ ገበያ ናሙና ይዤ የምዞር ሰው ነኝ፤ ከሆሳዕና ሶዶ፣ ከሆሳዕና ዱራሜ ስሄድ ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ። ሁለቱም ዲስክ ከነሸራው ይቀየር አልኩ።

4. ኦሪጅናል፣ አፍተርማርኬት፣ ፎርጅድ፦ ሦስቱ አንድ አይደሉም

ኦሪጅናል የሚባለው በመኪናው ፋብሪካ ስም ታሽጎ የሚመጣው ነው። ነገር ግን ቶዮታ ሸራውን ሁሉ ራሱ አያመርትም፤ እንደ አድቪክስና አኬቦኖ ካሉ የጃፓን አምራቾች ይገዛል። አንዳንዶቹ አምራቾች በራሳቸው ስም ለገበያ ያቀርባሉ። ከዚያ ቀጥሎ ብሬምቦ፣ ቴክስታር፣ የኮሪያው ሃይ-ኪው እና የመሳሰሉ የታወቁ የምትክ ዕቃ ስሞች አሉ። አፍተርማርኬት ማለት እነዚህ ናቸው፣ ጥሩ ጥሩዎቹ በደንብ ይሠራሉ። ፎርጅድ ደግሞ የእነዚህን ስም ካርቶን ላይ አትሞ ውስጡ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ ያደረገ ነው። ፎርጅዱን ገዝቶ ተጎድቶ "አፍተርማርኬት አይረባም" ማለት አንድ ጆንያ የበሰበሰ በቆሎ አይቶ በቆሎ ሁሉ በሰበሰ እንደማለት ነው።

እኛ ስንዴ ስንገዛ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አናምንም፤ ወግተን ናሙና እናወጣለን፣ እርጥበት እንለካለን። ሸራም እንዲሁ ነው፦

- ካርቶኑን ሱቁ ውስጥ ክፈቱት። ለአንድ አክስል አራት ሸራ አለ። አራቱም ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት መሆን አለበት።
- የጀርባው ብረት ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም እንዳይሆን እዩ። ያገለገለ ጀርባ ላይ አዲስ ሸራ ተለጥፎ ይሸጣል።
- ጠርዙን በጥፍር ጫር አድርጉ። የሚፈረፈር፣ የተሰነጠቀ ወይም ከብረቱ ላይ ተነስቶ ክፍተት ያሳየ ከሆነ መልሱ።
- አሮጌውን ሸራ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጀርባ ለጀርባ አጋጥሙት። "ትንሽ በሞላ ይገባል" ለሚባለው ዕቃ ገንዘብ አታውጡ።
- በክብ ውስጥ የላቲን "ኢ" ፊደልና ቁጥር፣ አጠገቡም 90 የሚል ካለ በአውሮፓ ደንብ የተፈተነ ነው ለማለት የተደረገ ምልክት ነው። ይህ ደንብ ምትክ ሸራ የማቆም ኃይሉ ከኦሪጅናሉ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይጠይቃል። ምልክቱም ሊታተም ስለሚችል ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አመሳክሩት።
- ጠርዙ ላይ "ኤፍኤፍ" ወይም "ጂጂ" የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ። የመጀመሪያው ሸራው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲግል የሚይዝበትን መጠን ያሳያል። "ጂ" ከ"ኤፍ"፣ "ኤፍ" ከ"ኢ" ይበልጣል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ሸራ ሲግል ይለቃል፤ ለቁልቁለት አገር አይሆንም። ፊደሎቹ ግን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ አይናገሩም።
- ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የዕቃው ቁጥርም ይጻፍበት። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ነገ ስትመለሱ አያውቃችሁም።

እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ የታወቀ የጃፓን ስም ያለበት ካርቶን አወጣልኝ። ስከፍተው ሁለቱ ሸራ ላይ ያለው ቁጥር ከሌሎቹ ሁለቱ ይለያል። "ያው ነው ወንድሜ፣ ሁሉም ይገባል" አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በማግስቱ መርካቶ ሶማሌ ተራ የማውቀው ነጋዴ ጋር ደውዬ፣ የዲስኩን ዲያሜትርና የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ሰጥቼ፣ የኮሪያ ሸራና ሁለት ዲስክ ከነደረሰኙ በአውቶቡስ አስላኩ። የሻንሲ ቁጥር መስጠቱን አትርሱ፤ አንድ ስም ያላቸው መኪኖች በዓመተ ምህረት ምክንያት ሁለት ዓይነት ዲስክ ሊኖራቸው ይችላል።

5. ጋራዥ ስትቆሙ ምን ታያላችሁ?

ሥራው የመካኒኩ ነው። ገንዘቡ ግን የእናንተ ነው፣ ቆማችሁ እዩ።

ሁልጊዜ ጥንድ ይቀየራል፤ የቀኙ ብቻ ከተቀየረ መኪናው ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ አይሠራበትም፣ መቆሚያ ይደረግለታል፣ ለሌላው ጎማ ታኮ ይደረጋል። ካሊፐሩ ሲፈታ በሽቦ ይታሰራል እንጂ በፍሬን ጎማ ቱቦው ላይ አይንጠለጠልም፤ ቱቦው ከውስጥ ተቀዶ ከውጭ ደህና ሊመስል ይችላል። አቧራው በኮምፕሬሰር አይነፋም። በተለይ በቆየ ሸራ ውስጥ ለሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

አዲሱ ዲስክ የሚቀመጥበት ገጽ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ከዝገት መጽዳት አለበት። እዚያ የቀረች ትንሽ ዝገት ዲስኩን ታጋድለዋለች፣ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ መርገጫው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያኔ "ዲስኩ ፎርጅድ ነበር" ይባላል። አዲስ ዲስክ ዝገት እንዳይነካው ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። ያ ዘይት በፍሬን ማጠቢያ ወይም በሙቅ ውሃና ሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። በናፍታ የታጠበ ዲስክ ሸራውን ያበላሻል።

ተንሸራታች ካሊፐር ባላቸው እንደ ኮሮላ ባሉ መኪኖች መንሸራተቻ ፒኖቹ ተፈትተው ይጸዱና ሙቀት የሚችል ቅባት ይቀባሉ። ፒኑ ከተጣበቀ አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው አዲስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሃይሉክስ የፊት ካሊፐር ግን በሁለቱም ወገን ፒስተን ያለው ስለሆነ የሚታየው አራቱም ፒስተን በነፃነት መመለሳቸውና አቧራ መከላከያ ጎሚኒያቸው ያልተቀደደ መሆኑ ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ የፍሬን ዘይቱ ከላይ ይሞላና ይፈስሳል፣ ቀለም ይበላል፤ አስቀድሞ መቀነስ ነው።

የፍሬን ዘይት እንደ ስንዴ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፣ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ መርገጫው ወለል ድረስ ይወርዳል፣ ፍሬን የለም ማለት ነው። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ ሲቀየርም አየሩን ማስወጣት። የሞተር ዘይት ወይም ክዳኑ ከፍቶ የከረመ ዘይት በፍጹም አይጨመርም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት መርገጫው እስኪጠጥር ደጋግሞ ይረገጣል። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሆናል፣ መኪናው የጋራዡ ግድግዳ ላይ ያርፋል።

6. አዲስ ሸራ መለማመድ አለበት

አዲስ ሸራና ዲስክ ገና አልተዋወቁም። ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝቅ እያደረጋችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳታቆሙ፣ መሀል ላይ እያቀዘቀዛችሁ ሃያ ጊዜ ያህል ያዙ። ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ አያያዝና ከባድ ጭነት ይቅር። ሸራ ማታ ቀይሮ ሌሊት 50 ኩንታል ጭኖ ቁልቁለት መግባት ያንን ሁሉ ወጪ ማቃጠል ነው፤ ሸራው ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጭና መያዝ ያቆማል።

7. አይሱዙውና ቁልቁለቱ

አሁን ወደ ታምቡር። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ወደ ምዕራብ ስንወርድ የጊቤ 3 ሐይቅ ከ900 ሜትር በታች ነው። ያ ሁሉ ከፍታ በፍሬን ወይም በማርሽ ይወረዳል። እስቲ እናስላው፦ ባዶውን 3 ቶን የሚሆን አይሱዙ 50 ኩንታል ሲጭን 8 ቶን ነው። 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ መታፈን ያለበት ኃይል 39 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ አንድ ሊትር ናፍታ ሲቃጠል ከሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ይበልጣል። ያ ሙቀት ሁሉ በፍሬን ብቻ ከተያዘ ታምቡሩ ውስጥ ይገባል። 70 ኩንታል ሲሆን ደግሞ በሩብ ይጨምራል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ዲስክ ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ ቁልቁለት ሲጀመር በምትወጡበት ማርሽ መውረድ ነው። ማርሽ አውጥቶ በነፃ መውረድ ናፍታ ይቆጥባል የሚሉ ሾፌሮች አሉ፤ በዚያ ናፍታ የሚገዙት ገደል ነው።

በቅርቡ ከከምባታ የሚጫን ቡና ላይ አንድ አይሱዙ ከሌሎቹ በኩንታል 20 ብር ቀንሶ መጣ። ሲቆም ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማል፣ የኋላ ጎማው ውስጠኛ ፊት በፍሬን ዘይት ረጥቧል። አይጫንም አልኩ። ባለቡናው ተቆጣ፤ "20 ብር በኩንታል ልታስከፍለኝ ነው?" አለኝ። በ50 ኩንታል 1,000 ብር ማለት ነው። አንድ ጆንያ ቡና መንገድ ላይ ቢፈስ የ1,000 ብሩ ቁጠባ ወዴት ይገባል? ከሾፌሩና ከረዳቱ ነፍስ ጋር ደግሞ ምን ተብሎ ይወዳደራል? ሌላ መኪና ጫንን። ሾፌሩም ተናዶ አልሄደም፤ ባለመኪናው ሸራ አልገዛም ብሎት እንደከረመ ነገረኝ።

8. ስሌቱ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ የራሳችሁን ደረሰኝ አስገቡባቸው። ከፎንቆ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 430 ኪሎ ሜትር እንበል። ጥሩ ሸራ ከነሥራው ለአይሱዙ 40,000 ብር ፈጅቶ 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 46 ጉዞ ነው። በ50 ኩንታል 2,300 ኩንታል ይሆናል። ለኩንታል ከ17 ብር ትንሽ ይበልጣል።

ርካሹ በግማሽ ዋጋ፣ በ20,000 ብር ተገዝቶ 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያልቅ 11 ጉዞ፣ 550 ኩንታል፤ ለኩንታል 36 ብር። ግማሽ የተከፈለበት ዕቃ እጥፍ አስወጣ። መኪናው ጋራዥ የቆመበት ቀንና የተበላው ታምቡር ገና አልተቆጠረም።

9. ለዩኒየኖች፣ ለነጋዴዎችና ለላኪዎች

ኪራይ ስትዋዋሉ እነዚህን ጠይቁ፦ ሸራ መቼ ተቀየረ? ደረሰኙ የታለ? የፍሬን ዘይት መቼ ተቀየረ? ጎማዎቹ ከውስጥ ረጥበዋል? ቆሞ መርገጫው ሲረገጥና ተይዞ ሲቆይ ቀስ እያለ ይወርዳል? ቦሎ መኖሩ ጥሩ ነው፣ ግን ቦሎ የተመረመረበትን ቀን ነው የሚመሰክረው፤ ሸራ በየቀኑ ያልቃል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም የጫናችሁትን ቡና አይተካላችሁም፤ ለዕቃው የራሱ የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል።

ዩኒየኖች ደግሞ ከዚህም በላይ ትችላላችሁ። ለአባላት ማዳበሪያ እንደምታከፋፍሉ ሁሉ ጭነታችሁን የሚያነሱ ባለመኪኖች ሸራ በጋራ ከአንድ የታመነ አስመጪ በደረሰኝ እንዲገዙ ማስማማት ትችላላችሁ። ባለመኪናው 17 ብሩን ኪራዩ ውስጥ በግልጽ ያስገባ፣ እኛም አውቀን እንክፈል። ሁላችንም በኩንታል ላይ 5 ብር ስናስቀንስ የምንውለው ከዚያችው ሸራ ላይ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ መካኒክ የሆናችሁ ተከታታዮቻችን፣ የምታርሙት ወይም የምትጨምሩት ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ለሁሉም አካፍላለሁ። የፎንቆና የሆሳዕና የስንዴ፣ የበቆሎና የቡና ዋጋ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይለጠፋል። ሰላም ግቡ።